ከአካፋው ሥር የቆምክ ዕለት

ቡሬ፣ የካቲት ማብቂያ፣ 2006 ዓ.ም.

ውድ አሸናፊ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስላልለመድኩ ነው፤ ይገባሃል ብዬ እንዳይመስልህ። ጤናህንም አልጠይቅም። ከዚያ ነጭ መኪና ስትወርድ፣ ከረባትህን ስታስተካክል፣ ለእንግዶቹ ስትስቅ በዓይኔ አይቼሃለሁ፤ ደህና ነህ። ስልክ አላነሳም ስትለኝ በወረቀት መጣሁብህ። ብትቀደውም መጀመሪያ አንብበኸው ነው፤ አውቅሃለሁ፣ ሳታውቅ መቅረት አትችልም።

የምጽፍልህ ስለ እናቴ አካፋ ነው። እጀታው መሀል ላይ በሽቦ የተጠመጠመው። ባለፈው ዓመት ሽንኩርት ስንተክል ሰብረኸው፣ አፍረህ፣ ቁጭ ብለህ ራስህ የጠገንከው። እናቴ ያን ቀን «የኮምፒውተር እጅ መሬት አይወድም» እያለች ስትስቅብህ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ያ አካፋ በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት በሚስማር ተሰቅሎ ሲከርም አንተ ከሥሩ ቆመህ ምን እንዳልክ እኔም ሰምቻለሁ። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስታውስህ፤ ባሕር ዳር ከገባህ ወዲህ ብዙ ነገር ሳትረሳ አልቀረህም።

የውሃ ተራ የሚያሳየውን የኢንተርኔት ገጽ የሠራነው አብረን ነው። የውሃ ፕሮጀክቱ የቀጠረው አንተን ቢሆንም፣ እኔ እዚህ ቡሬ የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜዬን አስተምሬ ስወጣ ላፕቶፕህን ታቅፈህ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም አልክድም። የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ሀኒ ፍኖተ ሰላም ቢሮ ተቀምጣ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን የውሃ ባለተራ ስም ትጽፋለች። ስሙ ባሕር ዳር ካለው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። በኛ መንደር የውሃ ማኅበር ቢሮ ደግሞ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞረ ኮምፒውተር አለ፤ ገበሬው ከውጭ ቆሞ ዛሬ ቦዩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ያያል። ችግሩ ኔትወርኩ ነበር። ገጹ በሙሉ እንደገና በተጫነ ቁጥር ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሰዎቹም መስኮቱ ሥር ቆመው «ዛሬም ወተት ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

መላውን ያመጣኸው አንተ ነህ። ገጹ ሁሉ ለምን ይለፋል አልክ። አርማውም ርዕሱም ባለበት ይቆይ፤ ስሙ ያለበት ሳጥን ብቻ በየደቂቃው ሰርቨሩን ይጠይቅ፤ አዲስ ስም ካለ ይቀይር፤ ሌላው ንቅንቅ አይበል። መጀመሪያ የሠራልህ እኛ ቤት ነው፤ እናቴ ድንች እየላጠች። ስክሪኑ ነጭ ሳይሆን፣ ሳይርገበገብ፣ የአንዱ ስም ጠፍቶ የሌላው ስም ብቅ ሲል እንደ ሕፃን ዘለልክ። እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ መጣች።

«አሁን ማን ቀየረው?»

«ሰርቨሩ ነው እማማ። ገጹ ይጠይቀዋል፣ እሱ ይመልሳል።»

«የት ነው ያለ?»

«ባሕር ዳር።»

«ካልመለሰሳ?»

አስታወስካት? ማንበብ የማትችል ሴት፣ ድንች እየላጠች የጠየቀችህን? አንተም «ልክ ነዎት እማማ» ብለህ እዚያው ቁጭ አልክና ያን ቀይ መስመር ጨመርክ። ሰርቨሩ ካልመለሰ ከስሙ ሥር በቀይ ይወጣል፦ «ይህ ስም አልታደሰም፤ አያ ላቀውን ጠይቁ።» ጽፈህ ስታነብላት ደስ አላት። አያ ላቀው የውሃ አባታችን ናቸው፤ ስክሪኑ ሳይመጣ በፊት ፀሐይ ስትጠልቅ ከጉብታው ላይ ቆመው የነገውን ባለተራ ስም እየጠሩ ለሰፈሩ የሚያሰሙት እሳቸው ነበሩ። በስክሪኑ ምክንያት ሥራቸው ሲቀር፣ ቢያንስ በቀይ መስመሯ ውስጥ ስማቸው ቀረላቸው።

ያችንም መስመር አጠፋሃት። «ከላይ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ቀይ ነገር እንዳያዩ ብሏል አለቃዬ» አልከኝ። እኔም «አሸናፊ፣ ካልመለሰሳ?» አልኩህ፤ የእናቴን ቃል ነው የመለስኩልህ። «ኔትወርኩ ቢጠፋ ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ቀዩ ግን ሰው ያስደነግጣል» አልከኝ። ሰው እንዲደነግጥ አይደል እንዴ የተጻፈው! ስክሪኑ ነጭ ይሆን በነበረበት ጊዜ እንኳ ሰው ቢያንስ አለመሥራቱን ያውቅ ነበር። አንተ ያስቀረኸው ገጽ ሞቶ እንኳ እንደቆመ ነው። ስሙ አለ፣ አርማው አለ፣ ከላይ ቀኑና ሰዓቱ ደግሞ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ከኮምፒውተሩ ከራሱ ስለሚመጣ ሰከንዱ ሳይቀር ይሮጣል። እንደዚያ ያለውን ስክሪን ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ ሰባር ጊዮርጊስ መጣ። የሰፈራችንን ሥርዓት ታውቃለህ፤ ለሁለት ዓመት በልተህ ጠጥተህበታል። በታቦታችን ዓመታዊ በዓል ዕለት ቦይ አይከፈትም። በዋዜማውም ከቀትር በኋላ ውሃው ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ይወጣል። የዋዜማው ባለተራ ይሄይስ ነበር፤ ግማሽ ቀኑን አጣ። በበዓሉ ማግስት ተራው የእናቴ ነው። ቦዩ ከየትኛው ማሳ ወደየትኛው እንደሚሄድ እናቴ ዓይኗን ጨፍናም ታውቀዋለች፤ የይሄይስ ማሳ ያልቃል፣ የሷ ይጀምራል። ጠዋት ተነስታ አካፋዋን ይዛ ወረደች፣ ከፈተች።

በዚያው ሰዓት ይሄይስ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያያል? የዛሬው ቀን፣ የሚሮጥ ሰዓት፣ እና የራሱ ስም። ኔትወርኩ በዋዜማው ጠፍቶ አልተመለሰም። ሀኒ በዚያ ጠዋት የእናቴን ስም፣ «ደስታነሽ» ብላ ጽፋለች፤ ስሙ ባሕር ዳር ቁጭ ብሏል፤ መስኮቱ ላይ ግን ያለው የዋዜማው ስም ነው። ይሄይስ ክፉ ሰው አይደለም። ማኅበሩ አንዳንድ ጊዜ በዋዜማ የተቋረጠበትን ሰው እንደሚክስ ታውቃለህ፤ «ግማሽ ቀኔን አሰቡልኝ» ብሎ ደስ ብሎት ወደ ቦዩ ሮጠ። ውሃውን ከእናቴ ማሳ አገኘው።

አያ ላቀው ተጠሩ። መስኮቱን አዩ። እናቴ «ኧረ በጊዮርጊስ፣ አያ ላቀው፣ ተራውን እርስዎ ያጡታል?» ብትላቸው፣ የሚያውቁትን ትተው ያዩትን አመኑ። መሐላዋን እንኳ ስሟን ለማክፋት ተጠቀሙበት፤ «በበዓሉ ማግስት በስሙ በሐሰት ማለች» ተባለ። ደንቡ ደግሞ አለ፤ ውሃ ሰርቆ የተገኘ ሰው መሣሪያው ተወስዶ ከቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ተራው ይዘለላል፣ አላፊ አግዳሚው ያያል። አካፋዋን ከእጇ ወስደው ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀሉት። ማታውን ኔትወርኩ ተመለሰ፤ በማግስቱ ጠዋት የቀጣዩ ባለተራ የክንዱ ስም በወጉ ወጣ። ሰው ምን አለ መሰለህ? «አያችሁ፣ ገጹ ራሱ ዘሎ ቀጣት!» አሉ። አንተ የሠራኸው ሳጥን በኛ ሰፈር ዳኛ ሆነ።

እኔ ነገር እንዳለ መጀመሪያ ያወቅኩት ቅዳሜ ከቡሬ ወደ መንደር ስመለስ በሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ ብላ «የደስታነሽ ልጅ ናት» ስትላት ሰማሁ። ሌላዋ መቀመጫዬን ተደግፋበት የነበረውን እጇን አነሳች። የእናቴ ስም ሰው እጁን የሚያነሳበት ስም የሆነው መቼ ነው እያልኩ ቤት ደረስኩ። እናቴ በገበያ ቀን ቤት ውስጥ ተቀምጣለች፤ በሩ ገርበብ ብሎ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ ወንድ አርሳ፣ እንደ ሴት ጋግራ ስታሳድገኝ አንድ ቀን ደክሟት ያላየኋት ሴት ናት። «ምነው?» አልኳት። «ሽንኩርቱ ይድረቅ፤ ሽንኩርት ነው። ማርያም ማኅበር እንዴት ብዬ እሄዳለሁ? ጽዋውን ማን ከእጄ ይቀበላል?» አለችኝ። የቀረውን ከጎረቤት ሰማሁ።

ወዲያው ደወልኩልህ፤ ያኔ ታነሳ ነበር። ነገሩን ስነግርህ ኪቦርድ ስትነካካ ይሰማኛል። ከዚያ «አዎ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ገጹ ሰርቨሩን አልጠየቀም። በዚያ ቀን ሰርቨሩ ላይ ያለው ስም የእማማ ነው» አልከኝ። በራስህ አፍ! እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። «በል ነገ ና፣ ለማኅበሩ ንገራቸው» ስልህ ድምፅህ ተለወጠ።

«ህይወት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንግዶቹ ይመጣሉ። አሁን ገጹ ተሳስቷል ብል ምን ሊሆን ነው? የአንድ ቀን ውሃ ነው፤ አታግዝፊው። ካለፈ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

የአንድ ቀን ውሃ! የጠፋው ውሃ አይደለም፤ የእናቴ ስም ነው። ሀኒንም ለመንኳት፤ «በእጄ ጽፌዋለሁ» አለችኝ። ጉባኤ ፊት ቁሚልኝ ስላት ግን ኮንትራቷ ሊታደስ ስለሆነ አለቀሰች። እሷ ላይ አልፈርድም፤ ከእናቴ እጅ ጎርሳ አታውቅም። አንተ ግን ጎርሰሃል። ቢሆንም ጠበቅኩህ። በስልክ ፈርቶ ነው፣ ፊት ለፊት ሲያያት አንጀቱ አይችልም አልኩ። ሞኝ ነኝ።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት እኔም ከሰው መሀል ቆሜ ነበር። እናቴ ከቤት አልወጣችም። በመስኮቱ አጠገብ ቆመህ በጣትህ እያሳየህ አስረዳህ፤ ገጹ ሳይጫን ስሙ ብቻ እንዴት እንደሚቀየር፣ ኔትወርክ እንዴት እንደሚቆጥብ። አጨበጨቡልህ። ከዚያ አንዱ እንግዳ ቀና ብሎ «አካፋው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀህ። አንተም ቀና አልክ። በሽቦ የጠመጠምከውን እጀታ አየኸው፤ ማየትህን አይቻለሁ። እኔንም አየኸኝ። ጠብቄህ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል፤ ያኔም እንኳ። «ገጹ ከተጀመረ ወዲህ የውሃ ሌባ በቀላሉ ይያዛል። ይኸው የተያዘ አለ» አልክ። ሳቁ። አንተም ሳቅክ።

አሸናፊ፣ ሰው ይፈራል፣ ሰው ዝም ይላል፤ ዝምታህን አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። አንተ ግን ዝም አላልክም። ንጹሕ መሆኗን እያወቅክ በውርደቷ ላይ ወጥተህ ቆምክበት፤ በሷ ተሞገስክ። በደንብ እንድትሰማኝ ነው ቀስ ብዬ የምጽፈው።

ከዚያ በኋላ አንተን መጠበቅ ተውኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው መስኮቱ ዘንድ ሲሰበሰብ ወደ አያ ላቀው ሄድኩ። ሰዎቹ በዓይናቸው ያዩትን እኔ በአፌ ብናገር ማን ይሰማኛል? ስለዚህ ብዙ አላወራሁም። ከኮምፒውተሩ ጎን ኢንተርኔቱን የምታመጣውን ዶንግል ነቅዬ ከእጃቸው ላይ አደረግኩላቸው።

«አያ ላቀው፣ ይህችን እስከ ነገ ይያዙልኝ። ከእርስዎ እንዳትለይ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

«ምንድን ናት ልጄ?»

«ባሕር ዳር የሚያናግረው ምላሱ ናት።»

ያን ቀን ባለተራው ክንዱ ነበር፤ ስሙ በስክሪኑ ላይ ነው። ሰኞ ደግሞ የእንዳለው ተራ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ መሀል ላይ በዓል የለ፣ ዋዜማ የለ። ሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ መጣ፤ ይሄይስም መጣ። ስክሪኑ እንደበራ ነው። ቀኑ ሰኞ ይላል፣ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ስሙ ግን «ክንዱ» ነው። ክንዱ ራሱ ጮክ ብሎ «ኧረ እኔ ትናንት አጠጥቼ ጨርሻለሁ!» አለ። አያ ላቀው ዶንግሏን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡ፣ እኔ ባሳየኋቸው ቦታ በእጃቸው ሰኳት። ጥቂት ቆየ። ምንም ሳይርገበገብ፣ ምንም ነጭ ሳይሆን «ክንዱ» ጠፍቶ «እንዳለው» ወጣ። አንተ ዘለህ የተደሰትክባት ነገር ናት፤ በዚያ ጠዋት ግን የተደሰተ የለም። አያ ላቀው ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን ነቅለው ወደ አካፋው አዩ።

«ስለዚህ ያን ቀን...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ይሄይስ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ስትወጣ በራችን ላይ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማን። አያ ላቀው ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ትልቅ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለዋል። ይሄይስ አካፋውን ይዞ ከኋላቸው ቆሟል።

«ደስታነሽ፣ ተራውን እያወቅኩ በስክሪን ፈረድኩብሽ። ስለ ጊዮርጊስ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

«ምን ነው አያ ላቀው፣ ምን ነው! ይነሱ!» ብላ እናቴ ድንጋዩን ከአንገታቸው አንስታ ከበሩ ጎን አስቀመጠችው። «ይቅር ብያለሁ፤ ለእግዚአብሔር ብያለሁ» አለች። አካፋዋን ተቀበለች። ከዚያ ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከተዋረደች ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ሽንኩርቱ ከግማሽ በላይ ደርቋል። የተረፈውን ክንዱና ይሄይስ ከየተራቸው ቀንሰው አጠጡላት። ማርያም ማኅበርም ሄደች፤ ጽዋውን መጀመሪያ የተቀበሏት የአያ ላቀው ባለቤት ናቸው።

ገጹንም አስተካክዬዋለሁ። ሀኒ በኋላ ድፍረት አገኘችና ወደ ሰርቨሩ አስገባችኝ። ቀይዋ መስመር ብቻ አልበቃችኝም። አሁን ሰርቨሩ ካልመለሰ አሮጌው ስም ጨርሶ ይጠፋና በቦታው «አላውቅም፤ አያ ላቀውን ጠይቁ» የሚል ይወጣል። ሰዉ ወዶታል። አያ ላቀውም ወደ ጉብታቸው ተመልሰው ማታ ማታ ይጣራሉ፤ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም። አለቃህ ቢቆጣ አንተ ተናገረው፤ ለመናገር ትችልበታለህ።

ከፋሲካ በኋላ ወደ እናቴ ልትልካቸው ያሰብካቸውን ሽማግሌዎች አታድክማቸው። ያ ነገር አልቋል። በሌላ መንገድ እንዳትሰማው ብዬ እኔው ነገርኩህ።

የቀረ አንድ ነገር ግን አለ። አያ ላቀው ያመጡት ድንጋይ አሁንም ከበራችን ጎን ነው። እየሄድኩ እየመጣሁ እግሬን ሲመታኝ አንስቼ ልወረውረው ስል እናቴ ከለከለችኝ። «ተይው ልጄ። ያ ልጅ ሲመጣ ከየት ያገኛል? የባሕር ዳር ድንጋይ እንደሆነ ሁሉም ኮብልስቶን ሆኖ ተነጥፎ አልቋል» አለችኝ። እንዲህ ናት፤ ትቀልድልሃለች። ትመጣለህ ብላም ታምናለች።

እንግዲህ ና። መኪናውን አስፋልት ላይ አቁመህ፣ ብቻህን፣ በእግርህ ና። ድንጋዩን ከበራችን አንስተህ በአንገትህ ተሸከም፤ እስከ መስኮቱ ድረስ ሂድ፤ አካፋው ተሰቅሎበት ከነበረው ሚስማር ሥር ቁም። ለእንግዶችህ ሌባ ናት ስትል ድምፅህ እስከ ቦዩ ይሰማ ነበር። በዚያው ድምፅ አልነበረችም በል። እናቴ መጥታ ድንጋዩን ከአንገትህ ታነሳልሃለች፤ እጇም አይከብዳትም። እኔን ግን አትጠብቀኝ።

ሚስማሩን እንዳይነቅሉት ነግሬአቸዋለሁ።

የደስታነሽ ልጅ፣
ህይወት